ጠዋት የሚያነሳ፣ ከሰዓት የሚሰንፍ ማሲ፦ የአንድ አሮጌ ትራክተር ሃይድሮሊክ ጉዳይ ጥናት

በእኛ አካባቢ የአሮጌ ትራክተር ማንሻ፣ ማለትም ማረሻውን በዘይት ግፊት የሚያነሳው ክፍል፣ ሲደክም መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው ዘይቱን በሚገፋው ፓምፕ ላይ ነው። ፓምፕ ደግሞ ውድ ነው። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ እንደ ልብ አይገኝም። ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው መላክ ይጠይቃል። ገበሬው ተበድሮም ቢሆን ይገዛዋል፣ ያስገጥመዋል። ማንሻው ግን ብዙም ሳይቆይ እዚያው ይመለሳል። ምክንያቱም ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የፓምፑ አልነበረም። ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ጋራዣችን ውስጥ የሠራነውን አንድ ትራክተር ከነምርመራው ከመነሻው እስከ መጨረሻው ልጻፈው ብያለሁ። አሮጌ ማሲ ያለው ሰው ይጠቀምበታል ብዬ አምናለሁ።

ትራክተሩ ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። ባለቤቱ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ፣ ቦርከና ሜዳ ላይ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። የራሳቸውን መሬት ያርሳሉ፣ በወቅቱ ደግሞ ለጎረቤት በኪራይ ያሳርሳሉ። የመጡት ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ለጤፍ መሬቱ መገልበጥ ያለበት ጊዜ ነው። ከዝናቡ ቀድሞ ካልታረሰ ያ ዋልካ መሬት ትራክተር አያስገባም። ስለዚህ ሀጂ የመጡት ተጨንቀው ነበር። ሌላ ቦታ አሳይተውት "ፓምፑ አልቋል፣ ሌላ መፍትሔ የለውም" ተብለዋል። ለፓምፑ መግዣ አንድ በሬ ሊሸጡ አስበዋል።

"ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። በሬውን ልሽጠው?" አሉኝ።

"ሀጂ፣ አብሽር። ሳናየው ምንም አይሸጡ" አልኳቸው።

ሹፌሩ ወጣት ልጅ ነው። መጀመሪያ ያደረግነው ትራክተሩን መንካት ሳይሆን ልጁን መጠየቅ ነው። ማሽኑ ላይ የሚውለው እሱ ነውና። የነገረን ይሄ ነው። ጠዋት ገና ሲነሳ ባለ ሦስት ዲስኩን ማረሻ ደህና አድርጎ ያነሳል። ፀሐይ እየበረታ፣ ትራክተሩ እየሞቀ ሲሄድ ማንሳቱ ይዘገያል። ከሰዓት በኋላ ግማሽ ላይ ይቆማል። ከተነሳም በኋላ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ይነቀንቃል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ማረሻው ወዲያው መሬት ይወርዳል።

እውነት ለመናገር፣ ልጁ ይህን ሲጨርስ ግማሹ ምርመራ አልቋል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን የዚህን ትራክተር አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

135 ለሽያጭ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የማንሻው ሐሳብ ግን ከእሱ ይቀድማል። አየርላንዳዊው ሄሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1946 መመረት በጀመረው ቲኢ 20 ትራክተሩ ላይ የተጠቀመበት ሐሳብ ነው። ፓምፑ ውጭ አይታይም። ከመቀመጫው ፊት በታች፣ በትራክተሩ ሆድ ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል። አራት ትንንሽ ፒስተኖች አሉት። የሚያዞረው የፒቲኦ ዘንግ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ከኋላ ለሚታሰር መሣሪያ የሚያደርሰው ዘንግ ነው። ስለዚህ የፒቲኦው እጀታ ካልገባ ፓምፑ አይዞርም፣ ማንሻውም አይሠራም። ይህን የማያውቅ ሹፌር "ሃይድሮሊኩ ሞተ" ብሎ መካኒክ ጠርቶ ያውቃል። እጀታውን ገፋ አድርጎ ችግሩን መጨረስ ይቻል ነበር።

የዚህ ፓምፕ ልዩ ነገር መቆጣጠሪያ ቫልቩ ያለው ፓምፑ ዘይት በሚስብበት በኩል መሆኑ ነው። ብዙ ዘመናዊ ትራክተር ላይ ፓምፑ ሁልጊዜ ዘይት ይገፋል፣ ቫልቩ ደግሞ የተገፋውን ዘይት መንገድ ያስይዘዋል። እዚህ ግን ቫልቩ ሲዘጋ ፓምፑ የሚስበው ዘይት የለም። እየዞረ ባዶውን ይሠራል። ቫልቩ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ፓምፑ ይስባል፣ ማንሻው ይነሳል። ወደ ሌላው ወገን ሲሄድ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይለቀቃል፣ ማንሻው ይወርዳል። መሐል ላይ ሲሆን ዘይቱ ታስሮ ይቀመጣል፣ ማረሻውም ባለበት ይቆማል።

ከፓምፑ የወጣው ዘይት ቀጥ ብሎ በቆመ አጭር ቱቦ ወደ ላይ ይወጣል። ቱቦው ከላይም ከታችም ኦሪንግ (ዘይት እንዳያመልጥ የሚዘጋ የጎማ ቀለበት) አለው። ከዚያ ከመቀመጫው ስር ባለው ትልቅ ክዳን ላይ የታሰረው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። እዚያ አንድ ትልቅ ፒስተን አለ። ዘይቱ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ፒስተኑ ማረሻውን የሚያነሱትን የኋላ ክንዶች ያነሳል። ሲሊንደሩ ግፊት የሚይዘው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው ጫፉ ክፍት ነው። ክፍት መሆኑ ለምርመራው ትልቅ ጥቅም አለው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን የልጁን ቃል እንውሰድ። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ አይዞርም። በዚያ ሰዓት ማረሻውን ይዞ የሚያቆመው የታሰረው ዘይት ነው። ማረሻው ከወረደ ዘይቱ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው ማለት ነው። ማምለጫው በፒስተኑ ጎን፣ በቱቦው ኦሪንጎች፣ በመቆጣጠሪያ ቫልቩ ወይም በፓምፑ መውጫ ቫልቮች በኩል ሊሆን ይችላል። የፓምፑ ጉልበት ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። በተቃራኒው ማንሻው ቀስ እያለ የሚነሳ፣ ከተነሳ በኋላ ግን ሞተር ጠፍቶም የማይንቀሳቀስ ቢሆን ኖሮ እኔም ወደ ፓምፑ፣ ወደ ዘይቱ መጠን ወይም ወደ ግፊት ማስተንፈሻው አይ ነበር። ሁለቱ በሽታዎች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ፓምፕ በከንቱ የሚገዛው እነሱን ሳይለዩ ነው።

መነቅነቁም ያው ነው። ዘይት ስለሚያመልጥ ክንዱ ትንሽ ይወርዳል። ክንዱ ሲወርድ ከእሱ ጋር የተያያዘው ዘንግ ቫልቩን ይከፍታል። ፓምፑ ይስብና መልሶ ያነሳዋል። ደግሞ ይወርዳል፣ ደግሞ ይነሳል። ትራክተሩ የሚያመልጠውን ዘይት ለመተካት እየታገለ ነው። ጠዋት የማይታየው ዘይቱ ቀዝቅዞ ወፍራም ስለሚሆን ነው። ወፍራም ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ቶሎ አያልፍም። ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ያን ጊዜ ቀዳዳው ይገለጣል።

ይህን ለሀጂ በአጭሩ አስረዳኋቸው። "እንግዲህ በዓይናችን እንየው" አልኩ።

መጀመሪያ ዘይቱን አየን። መለኪያው ዘንግ ላይ መጠኑ ደህና ነው። መልኩ ግን ደስ አይልም፤ ወተት የተጨመረበት ሻይ ይመስላል። ጥቂት ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ጣል ስናደርግ ተንጣጣ። ውሃ የሌለበት ዘይት ይጨሳል እንጂ አይንጣጣም። ይሄ መሣሪያ የማይጠይቅ ፈተና ነው፣ ማንም ገበሬ ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ውሃው ከየት መጣ? የማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ስር ያለው የጎማ ሽፋን ተቀዳዷል። ትራክተሩ የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው። የበልጉ ዝናብ በዘንጉ እየተንሸራተተ ቀጥታ ካምቢዮ ውስጥ ገብቷል። እዚህ ትራክተር ላይ ደግሞ የካምቢዮው፣ የዲፈረንሻሉና የሃይድሮሊኩ ዘይት አንድ ነው። በማርሽ በኩል የገባ ውሃ ማንሻው ጋ ይደርሳል።

በዚያ ላይ ዘይቱ ድብልቅ ነበር። ልጁን ስንጠይቀው ሲጎድል የተገኘውን ነው የሚጨምሩት። አንዴ ዘጠና የሚባለውን ወፍራም የካምቢዮ ዘይት፣ አንዴ ከሞተር የወጣ አሮጌ ዘይት። የሞተር ውዳቂ ዘይት ጥላሸትና የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚመጣው። ብናኙ በፓምፑና በፒስተኑ በኩል ነው የሚያልፈው።

ቀጥሎ የቾኩን ፈተና ሠራን። ትራክተሩን እስኪሞቅ አሠራነው። ማረሻውን እስከ ላይ አነሳን፣ በክንዱ ትይዩ መከላከያው ላይ በቾክ ምልክት አደረግን፣ ሞተሩን አጠፋን። ክንዱ ከምልክቱ ሲርቅ በዓይን ይታያል። ማረሻው መሬት እስኪነካ ሻይ እንኳ ተጠጥቶ አያልቅም። ስለዚህ የልጁ ቃል እውነት ነው።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄድን። መስኮት የምለው በትራክተሩ ጎን፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ የተሰካበትን ክዳን ነው። ጥቂት ቡሎኖች ፈትቶ ማንሳት ነው። ዘይቱን ከክዳኑ ከንፈር በታች እስኪሆን ቀድሞ መቀነስ ያስፈልጋል፣ አለዚያ መሬት ላይ ይዘረገፋል። ሲከፈት በእጅ ባትሪ የትራክተሩን ሆድ ማየት ይቻላል። ፓምፑ ከታች፣ ቱቦው ቀጥ ብሎ፣ ከላይ ደግሞ የሲሊንደሩ ክፍት ጫፍ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በዚህ ፈተና ጊዜ ማረሻው ተነስቷል፣ ሞተሩም ይሠራል። ማንም ሰው ከማረሻው ስር ወይም በክንዶቹ መካከል መግባት የለበትም። እጅም በመስኮቱ አይገባም፤ ውስጥ የሚዞር ዘንግ አለ። በግፊት የሚተኮስ ዘይት ደግሞ ከቀጭን ቀዳዳ ሲወጣ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ይመስላል፣ ጉዳቱ ግን ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ የተወጋ ሰው ሳያመውም ቢሆን ያኔውኑ ሆስፒታል መሄድ አለበት። የዚህ ትራክተር ግፊት ከ150 ባር በላይ ይደርሳል። እጅ በኪስ፣ ዓይን በመነጽር፣ ልጁ መቀመጫው ላይ።

ያየነው ግልጽ ነበር። ከሲሊንደሩ ክፍት ጫፍ ዘይት ሳይቋረጥ ይወርዳል፣ እንደ ክር ሳይሆን ወፈር ብሎ። ከቱቦው የላይኛው ጫፍም ትንሽ ይረጫል። የመጀመሪያው የፒስተኑ መዝጊያ ነው። ሁለተኛው የቱቦው ኦሪንግ። ፓምፑ አካባቢ የተለየ ነገር አላየንም። እርግጥ ፓምፑ በከፊል ዘይት ውስጥ ስለሆነ ሁሉም አይታይም። ነገር ግን ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ያንን ማረሻ እስከ ላይ ቶሎ የሚያነሳ ፓምፕ አልቋል ሊባል አይችልም።

ሀጂን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። "ይሄ ነው እንግዲህ በሬዬን ሊበላ የነበረው" አሉ።

ሲሊንደሩ ጋ ለመድረስ ከመቀመጫው ስር ያለውን ትልቁን ክዳን የማንሳቱ ሥራ ከባድ ቢሆንም የተወሳሰበ አይደለም። ማረሻውን መሬት አሳርፈን ፈታነው። መቀመጫውንና የክንዶቹን ማያያዣ አወጣን። ቀጥ ያለው ቱቦ ከክዳኑ በፊት ተስቦ መውጣት አለበት። እሱን ረስቶ ክዳኑን በጉልበት የሚያነሳ ሰው ቱቦውን ያጣምማል። ከዚያ ክዳኑን በፓራንኮ (በሰንሰለት መስቀያ) ቀስ ብለን ሰቅለን፣ ገልብጠን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። በሰው ጉልበት አይሞከር፤ ወገብ ይጎዳል፣ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል የሚገባው ማሸጊያ) የሚቀመጥበትም ፊት ይጫጫራል።

ፒስተኑ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ይህ ሲሊንደር ከዚህ በፊት ተከፍቶ ያውቃል። የገባው ኦሪንግ ለፒስተኑ የተሠራው አይደለም። ውፍረቱ ያንሳል፣ ጎማውም አብጦ አንድ ቦታ ተቆርጧል። ዘይት የማይችል ጎማ እንዲህ ያብጣል። የባሰው ደግሞ ከኦሪንጉ ጎን የሚቀመጠው የድጋፍ ቀለበት በተሳሳተው ወገን መግባቱ ነው። የቀለበቱ ሥራ ኦሪንጉ በግፊት ተገፍቶ ጠባቡ ክፍተት ውስጥ እንዳይገባ መደገፍ ነው። ስለዚህ ግፊቱ በማይመጣበት ወገን ነው መቀመጥ ያለበት። ዘይቱ መጀመሪያ ኦሪንጉን ያገኛል፣ ኦሪንጉ ደግሞ ቀለበቱን ይደገፋል። እዚህ ግን ቀለበቱ ከፊት፣ ኦሪንጉ ከኋላ ሆኖ ያለ ደጋፊ ቀርቷል። መቆረጡ አይገርምም። ይህን የሠራው ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅንም። ግን ከገዙት በኋላ ማንሻው "ታድሷል" ተብሎ ገንዘብ የተከፈለበት ሥራ ነው፣ ያሳዝናል።

የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ውሃው የተወው የዝገት መስመር አገኘን። ትራክተሩ ሲቆም ፒስተኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። እዚህ ላይ ውሳኔ ያስፈልጋል። ጥፍር ይዞ የሚያቆመው ጭረት ካለ አዲስ ኦሪንግ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጭረቱ ቶሎ ይቆርጠዋል። የእኛው ጥፍር አይይዝም ነበር። ቶርኖ ቤት ወስደን ውስጡን በጥንቃቄ አስወለወልነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ በመሆኗ ጥሩ ቶርኖ ቤት አይቸግርም፣ ይሄ ለእኛ ጋራዦች ትልቅ ጸጋ ነው። የቀረው የጠቆረ ጥላ ብቻ ሆነ፣ በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ ነው።

የኦሪንግ ነገር ትንሽ አስቸገረን። ደሴ ያሉት ሱቆች በመጠን የሚመሳሰል አላጡም። ለመኪና የሚሆን ብዙ አለ። እኛ ግን "ይሄው ይሆናል" የሚለውን ቃል መስማት አልፈለግንም፤ መጀመሪያም የተበላሸው በዚያው ቃል ነው። ለ135 የተዘጋጀው ሙሉ የመዝጊያ ኪት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከልን። ውስጡ የፒስተኑ ኦሪንግ ከነድጋፍ ቀለበቱ፣ የቱቦው ኦሪንጎችና ጓርኒሲዮኖቹ አሉ። ዋጋው ከፓምፑ ጋር ሲወዳደር ከምንም የሚቆጠር አይደለም።

እስኪመጣ ድረስ ሆዱን አጸዳን። አሮጌው ዘይት ሙሉ በሙሉ ተቀዳ። ከታች የተቀመጠው ጭቃ መሳይ አተላ በእጅና በንጹሕ ጨርቅ ወጣ። ጥጥና ክር የሚተው ጨርቅ አልተጠቀምንም፤ አንዲት ክር ቫልቭ ውስጥ ገብታ ሌላ ችግር ታመጣለች። በናፍጣ አጥበው ሞተሩን የሚያስነሱ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም። ናፍጣ ፓምፑን አያለሰልስም፣ ደርቆ ይፋጫል። መቆጣጠሪያ ቫልቩንም ሞከርነው፤ በጣት ሲገፋ ሳይያዝ ይሄዳል፣ ይመለሳል። አልነካነውም። ደህና የሆነን ነገር መፍታት አልወድም።

ስንገጥም ኦሪንጉን በንጹሕ ዘይት ቀባን፣ ቀለበቱን በትክክለኛው ወገን አስቀመጥን፣ ፒስተኑን በእጅ ገፍተን አስገባን። በመዶሻ ተመትቶ የሚገባ ፒስተን ኦሪንጉን ቆርጦ ነው የሚገባው። ክዳኑ ከተቀመጠ በኋላ ቱቦው ከአዲስ ኦሪንጎቹ ጋር ተመለሰ። ለካምቢዮም ለሃይድሮሊክም የሚሆነውን የትራክተር ዘይት ሞላን። ከ25 ሊትር በላይ ነው የሚጠጣው፣ ስለዚህ የዘይቱ ወጪ ከኪቱ ይበልጣል። ሀጂ ትንሽ አንገራገሩ። "ግማሹን አሮጌውን ብንመልስስ?" አሉ። ውሃ ያለበትን ዘይት መልሶ ማስገባት አዲሱን ሲሊንደር መልሶ ማዛግ እንደሆነ ነገርኳቸው። አልተከራከሩም።

የማርሽ ዘንጉን ሽፋን ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቆርጠን ሠራን፣ ከላይም ከታችም በሽቦ ጠበቅ አደረግነው። ከሥራው ሁሉ ርካሹ ይሄ ነው። እሱ ቀድሞ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ያ የዝገት መስመር አይኖርም ነበር።

ሙከራው መጀመሪያ ያለ ማረሻ ተደረገ። ክንዶቹ ሲወጡና ሲወርዱ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው አየር ይወጣል። ከዚያ ማረሻውን አስረን እስኪሞቅ አሠራነው፣ ያንኑ የቾክ ምልክት አደረግን፣ ሞተሩን አጠፋን። ምሳ በልተን ስንመለስ ክንዱ ከምልክቱ ጥቂት ዝቅ ብሏል። የዚህ ዕድሜ ትራክተር ላይ ይሄ ያለ ነገር ነው። ሞተር እየሠራ መነቅነቁ ጠፍቷል።

ማሳ ላይ ግን አንድ ነገር ቀረ። ልጁ ሲያርስ የማረሻው ጥልቀት ይለዋወጥበታል። የሃይድሮሊኩ ጥፋት አልነበረም። የላይኛው ማያያዣ የሚታሰርበት ትልቅ ስፕሪንግ ላልቶ፣ በእጅ ሲገፋና ሲሳብ ይላወሳል። ስፕሪንጉ ማረሻው አፈሩ ውስጥ የሚጠይቀውን ጉልበት ለቫልቩ የሚናገር ስለሆነ መላወስ የለበትም። ክፍተቱ እስኪጠፋ ድረስ አስተካከልነው። ልጁም ሁለቱን እጀታዎች እያምታታ ነበር። አንዱ ክንዱን በተፈለገው ከፍታ የሚያቆም ነው። ሌላው ማረሻው በሚጎትተው ጉልበት መጠን ጥልቀቱን የሚያስተካክል ነው። "ወንድሜ፣ ስታነሳና ስታወርድ በዚህ፣ ስታርስ በዚያ" ብለን ማሳው ዳር ላይ አስለማመድነው። ቶሎ ገባው።

ሀጂ በሬያቸውን አልሸጡም። ፓምፑም ያው የድሮው ነው። ወደፊት አንድ ቀን ማንሻው ተነስቶ አልወርድ ካለ፣ እጀታው ወርዶም ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ፣ መጀመሪያ የሚታየው ሳንነካው ያለፍነው መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። ይህን ለልጁ ነግሬዋለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የዘይቱን መልክ ሊያሳዩን ቀጠሮ ይዘናል።